የውሻ እከክ፤ ምርመራውና ሕክምናው በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የውሻ ቆዳ በሽታ ለመሐንዲሶች ስብሰባ የሚመጥን ርእስ ነውን? የሚል ጥያቄ በአንዳንዶች ልብ ውስጥ ሳያድር አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የግንባታ ሥፍራንም ሆነ መጋዘንን ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛው ብቻ አይደለም፤ ከዘበኛው ጎን ሁለት ሦስት ውሾች ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ፀጉሩ ሲረግፍና ቆዳው ሲቆስል ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው መድኃኒት ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ዘይቱን ቀድቶ የሚሰጠው መካኒኩ ሲሆን፣ አይቶ ዝም የሚለው ደግሞ የሥራው ኃላፊ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሙያ ባልደረቦች ደጃፍ የራቀ አይደለም።

ከከተማው ወጣ ሲባል ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በተዘረጋው ደጋ ላይ በግ ለገበሬው እንደ ባንክ ነው። ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚያስተምረው፣ የማዳበሪያ ዕዳውን የሚያወራርደው በግ ሸጦ ነው። ያን ሀብት ጅብ በሚመላለስበት ሌሊት የሚጠብቀው በጋጣው በር ላይ የሚተኛው ውሻ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ በእከክ ሲያዝ ሌሊቱን ራሱን ሲያክ ያነጋል፤ ይከሳል፤ ድምፁም ይደክማል። በመጨረሻም «ወደ ልጆቹ ያስተላልፋል» ተብሎ ይባረራል፤ አለዚያም ይገደላል። የሚያሳዝነው በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሊድን የሚችል መሆኑ ነው። ያልዳነበት ምክንያት ሲመረመር መድኃኒት ከመጥፋቱ ይልቅ ምን እንደሚታከም ሳይታወቅ መታከሙ ሆኖ ይገኛል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «እከክ» የሚለው ቃል «አከከ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ ማሳከኩን እንጂ መንሥኤውን አይናገርም። ሕፃኑ በጣቶቹ መካከል ሲያሳክከው እከክ ነው፤ በጉ ከአጥር ጋር ሲተሻሽ እከክ ነው፤ ውሻው ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ባያሳክከውም እንኳ፣ እከክ ነው። ቃሉ የቆዳ ፋብሪካዎችን ደጃፍም አልፏል። በጉ በሕይወት ሳለ ከፀጉሩ ሥር ተሸሽጎ የነበረው ጉዳት፣ ቆዳው በኖራ ተነክሮ ፀጉሩ ሲራገፍ በነጠብጣብ መልክ ይገለጣል። ይህንኑ ጉድለት የቆዳ ባለሙያዎቻችን እከክ ብለው ከመጥራታቸውም በላይ፣ በእንግሊዝኛ በታተሙ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ቃሉ እንዳለ ገብቶ ይነበባል። ይሁንና ያንን ነጠብጣብ በአብዛኛው የሚያመጡት ቅማልና ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ ናቸው። በውሻው ላይ ያሉት ግን ሌላ ወገን ናቸው። ለበጉ በዲያዚኖን መረጨት ትርጉም አለው፤ ለበጉ በተበጠበጠው በርሜል ውሻውን ደርቦ መንከር ግን ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ የሚፈጸም ስሕተት ነው። ውሻ ገላውን ይልሳል፤ የተነከረበትንም መርዝ እንደዚሁ ይልሰዋል።

በውሻ ላይ እከክ የሚያመጡት በሳይንስ ቋንቋ ማይት የሚባሉ፣ እንደ መዥገር ስምንት እግር ያላቸውና የመዥገር ዘመድ የሆኑ ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ተለይተው ሊታወቁ ይገባል፤ ምክንያቱም ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ሳርኮፕቴስ ይባላል። ክብ ሲሆን እንስቷ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እምብዛም አትበልጥም። እንስቷ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ዋሻ እየማሰች ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዕንቁላል እስከ ጎልማሳነት ያለው ዑደት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ከውሻ ወደ ውሻ በመነካካት በፍጥነት ይዛመታል። ማሳከኩም እጅግ ብርቱ ነው። የሚጀምረው ፀጉር ከሳሳበት ቦታ፣ ይኸውም ከጆሮ ጠርዝ፣ ከፊት እግር ክርን፣ ከኋላ እግር ቋንጃና ከሆድ ሥር ሲሆን፣ ጀርባው በአብዛኛው እስከ መጨረሻ ይተርፋል። በነገራችን ላይ፣ የሰውን እከክ የሚያመጣው የዚሁ ዘር ዝርያ በኢጣልያ በቦኖሞና በቼስቶኒ በ1687 እ.ኤ.አ. በአጉሊ መነፅር ታይቶ መጻፉ፣ የአንድ በሽታ መንሥኤ ደቂቅ ፍጥረት መሆኑ ከታወቀባቸው የመጀመሪያ ታሪኮች አንዱ ነው። ግኝቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሐኪሞች ዘንድ ሰሚ አላገኘም።

ሁለተኛው ዴሞዴክስ ነው። ይህ ቀጭንና ረጅም ሆኖ በፀጉር ሥር ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። እናቲቱ ቡችሎቿን በምታጠባባቸው የመጀመሪያ ቀኖች ከገላዋ ወደ ገላቸው ይሸጋገራል፤ በጤነኛ ውሻም ላይ ጥቂቱ ሳይጎዳ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። በሽታ የሚሆነው የውሻው የመከላከል ኃይል ሲደክምና ቍጥሩ ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። ምልክቱም በዓይንና በአፍ ዙሪያ እንዲሁም በፊት እግሮች ላይ የሚታይ ክብ የፀጉር መርገፍ ነው። መግል የያዘ ቍስል ካልተጨመረበት በቀር እምብዛም አያሳክክም። ከጎልማሳ ውሻ ወደ ጎልማሳ ውሻ አይተላለፍም፤ ወደ ሰውማ ከቶ አይታሰብም። እንግዲህ በዴሞዴክስ የተያዘ ቡችላ «ያስተላልፋል» ተብሎ ሲጣል፣ የተፈረደበት ባልሠራው ጥፋት ነው ማለት ነው። ጥቂት ቦታ ብቻ የያዘ ዴሞዴክስ ያለባቸው ቡችሎች አብዛኞቹ ምንም ሳይደረግላቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ይድናሉ።

እነዚህን ሁለቱን በዐይን ግምት መለየት አንዳንዴ ይቻላል፤ በግምት ማከም ግን አይገባም። ያለ መሣሪያ ሊደረግ የሚችል አንድ ጥሩ ፈተና አለ። የውሻው የጆሮ ጫፍ ታጥፎ በጣት ለአምስት ሰኮንድ ያህል ሲታሽ፣ በዚያው ወገን ያለው የኋላ እግር ለማከክ ከተንቀሳቀሰ ሳርኮፕቴስ መሆኑ በብርቱ ይጠረጠራል። በሽታው ካለባቸው ውሾች ከአምስቱ በአራቱ ገደማ ፈተናው ይሠራል። ለአንድ ሳንቲም ወጪ ለሌለው ፈተና ይህ ውጤት ቀላል አይደለም።

ቁርጡ የሚታወቀው ግን በፍቆ ምርመራ ነው። ደነዝ በሆነ የቀዶ ሕክምና ምላጭ ቆዳው ይፋቃል፤ የተፋቀው በመስተዋት ላይ በፈሳሽ ፓራፊን ጠብታ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ዝቅተኛ ጉላት ይታያል። ፓራፊኑ ተባዩን በሕይወቱ ስለሚያቆየው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ 10 ከመቶ የፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ያሟሟዋል፤ ነገር ግን ተባዩን ይገድለዋልና እንቅስቃሴው አይታይም። ለሳርኮፕቴስ የሚፋቀው ውሻው ገና አክኮ ያልላጠው ቦታ፣ በተለይም የጆሮ ጠርዝና ክርን ሲሆን፣ ሰፊ ቦታ ላይ ደጋግሞ መፋቅ ያስፈልጋል። ለዴሞዴክስ ደግሞ ቆዳው በሁለት ጣት ተጨምቆ ትንሽ ደም እስኪያረግዝ ድረስ በጥልቀት ይፋቃል።

እዚህ ላይ ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ ተጠቃሚ ሊያጤነው የሚገባ ነገር አለ። ዴሞዴክስ ካለ በጥልቅ ፍቆ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት የሚታመን ነው። ሳርኮፕቴስ ግን በሽታው ኖሮም ከግማሽ በሚበልጡት ውሾች ፍቆ ላይ አይገኝም፤ ጥቂት ተባዮች ብዙ ማሳከክ ያመጣሉና። ስለዚህ በአንድ ፍቆ «ነፃ ነው» የተባለ፣ ጆሮው ሲታሽ ግን እግሩን የሚያንቀሳቅስ ውሻ ነፃ አይደለም። የሚታከመውም እንዳለበት ተቆጥሮ ነው፤ የሕክምናው ውጤት ራሱ እንደ ምርመራ ያገለግላል። ቁንጫ፣ ጭርትና ረሃብ ያመጣው የፀጉር መርገፍም እግረ መንገድ መታየት አለባቸው። በጆሮ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር እድፍ ከታየ ደግሞ ኦቶዴክቴስ የሚባለው የጆሮ ማይት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ደጋው አየር እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በክረምት ጉሙ ቀኑን ሙሉ የማይገለጥበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ በኦሃዮ በሚገኘው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በውሻ ሳርኮፕቴስ ላይ በተደረጉ ምርምሮች፣ ከገላ የወደቀ ተባይ በተራ የክፍል ሙቀት ከ24 እስከ 36 ሰዓት እንደሚኖር ታይቷል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜና አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ሁኔታ ግን እንስቶቹ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይተዋል። ይህ የደብረ ብርሃን ክረምት ነው ማለት ይቻላል። እውነት ነው፣ በብርድ ተባዩ ደንዝዞ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ነገር ግን ውሻው ተመልሶ በዚያው ጭድ ላይ ሲተኛ ጭዱን በገላው ያሞቀዋል፤ ደንዝዞ የነበረውም ይነቃል። ስለሆነም ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ በኩል በቆላው ሙቀትና ድርቀት ችላ ሊባል የሚችለው መኝታ፣ በደጋው በሐምሌና በነሐሴ ችላ ሊባል አይገባም። ጭዱን ማቃጠልና የመኝታውን ቦታ ቢያንስ ለአንድ ወር መለወጥ ከመድኃኒቱ እኩል የሕክምናው ክፍል ነው።

ስለ መድኃኒቶቹ ሲነገር ከሁሉ በፊት ምን መቅረት እንዳለበት መናገር ይሻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተባዩን አፍኖ ሊገድል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ ሞተሩ ያራገፈው ብረትና የተቃጠለ ነገር ሁሉ አለ። በቆሰለ ቆዳ ይሰርጋል፤ ውሻው ሲልሰው ወደ ሆድ ይገባል፤ በብርዱም ሌሊት ፀጉሩን አጣብቆ ሙቀት ያሳጣዋል። ላምባም ከዚህ አይሻልም። እነዚህን ከሥራ ቦታ ማስቀረት የእንስሳት ሐኪም አይጠይቅም፤ የጋራዡ ኃላፊ አንድ ቃል ይበቃዋል።

ጥንታዊ ከሆኑት ውስጥ ክብር የሚገባው ድኝ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ድኝ በአፋር ቆላ ካለው ከዶፋን እሳተ ገሞራ ወደ አንኮበር ይወጣ እንደነበር የዘመኑ እንግዶች ጽፈዋል። ይኸው ድኝ ከኖራ ጋር ፈልቶ ከ2 እስከ 3 ከመቶ በሆነ መጠን ተበጥብጦ በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ቢታጠቡበት ሳርኮፕቴስን ያጠፋል። ይሸታል፤ ነጭ ፀጉርንም ቢጫ ያደርጋል። ይሁንና ለቡችላና ለእርጉዝ ውሻ ሳይቀር ከሚፈቀዱት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በአንኮበር ወረዳ ለከብት ሕክምና የሚውሉ ዕፅዋትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመዝግበው በ2014 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። መዝገቡ ትልቅ ሀብት ነው፤ መመዝገብ ግን ተፈትኖ መጽደቅ አይደለምና ዐዋቂዎቹም ይህን ልዩነት አይስቱትም።

ዛሬ በወረዳ ከተሞች የሚገኘው ዋናው መድኃኒት ኢቨርሜክቲን ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአገሩ አፈር በለየው ባክቴሪያ ላይ ተመሥርቶ የተገኘ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንስሳት የዋለ መድኃኒት ሲሆን፣ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። እኛ ዘንድ የሚሸጠው ለከብትና ለበግ የተዘጋጀው 1 ከመቶ መርፌ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አለው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለሳርኮፕቴስ በእንስሳት ሐኪም የሚታዘዘው በኪሎግራም ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በ0.3 ሂሳብ 6 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.6 ሚሊሊትር ይሆናል። «ስድስት» የተባለውን ቍጥር ሰምቶ 6 ሚሊሊትር የሚወጋ ሰው ዐሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ያ ውሻ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ይንገዳገዳል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ራሱን ስቶ ለቀናት ሊተኛ ወይም ሊሞት ይችላል። የታወቀ ማርከሻም የለውም። የቦታ ነጥብ ስሕተት ድልድይ እንደሚጥል የሚያውቅ ሙያተኛ ይህን ለማስረዳት ከማንም የተሻለ ሰው ነው። በመሆኑም ውሻው ይመዘን፤ ሰውየው ውሻውን አቅፎ በእህል ሚዛን ላይ ይቁም፤ ከዚያ ብቻውን ይመዘንና ልዩነቱ ይወሰድ። መርፌውም የ1 ሚሊሊትር ይሁን።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኮሊና ዘመዶቿ የሆኑ የውጭ እረኛ ውሾች ብዙዎቹ ኢቨርሜክቲን ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚያግደው በር በተፈጥሮ የተበላሸባቸው ናቸው፤ ምክንያቱ የሆነው የዘር ለውጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ተገልጧል። ለእነርሱ ተራው መጠን ራሱ መርዝ ነው። በደጋው ያለው የአገር ውሻ የዚህ ዘር ባይሆንም፣ ከአዲስ አበባ በስጦታ የመጣ ክልስ ውሻ ሲሆን መጠየቅ ይገባል። ከስድስት ሳምንት በታች ላለ ቡችላም አይሰጥም።

አሚትራዝም በየመድኃኒት መደብሩ ለመዥገር ይሸጣል። 12.5 ከመቶ የሆነው በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊሊትር ሲጨመር 0.025 ከመቶ ይሆናል፤ ለውሻ የሚፈለገውም ይኸው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገላው ሁሉ በስፖንጅ ይረሰርሳል፤ ሳይታጠብ በራሱ ይደርቃል። በደብረ ብርሃን ይህ ጠዋት ፀሐይ በወጣችበት ቀን ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እርጥብ ውሻ ወደ ማታ ብርድ አይለቀቅም። ከአራት ወር በታች ላሉ ቡችሎች አይሆንም። ለአገራችን ገበሬ ከሁሉ በላይ ሊነገረው የሚገባው ግን አሚትራዝ ለጋማ ከብት አደገኛ መሆኑ ነው፤ በፈረስ ላይ የአንጀት መታሰር ያመጣል። ውሻው የታጠበበት ውሃ ፈረስና በቅሎ ከሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ መደፋት የለበትም።

ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢሶክሳዞሊን የሚባሉ በአፍ የሚሰጡ አዳዲስ እንክብሎች ወጥተዋል። ሁለቱንም ማይቶች በሚያስደንቅ ሁኔታ ያጠፋሉ፤ የዘር ጥንቃቄውም አያስፈልጋቸውም፤ ብቻ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ጥንቃቄ ይሻሉ። ዋጋቸው ግን ከጋጣ ጠባቂ ውሻ ባለቤት አቅም በላይ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ አሥር ውሻ የሚያሳድር ድርጅት ሂሳቡን ቢሠራ ከደጋገመ መርፌና ከሐኪም ምልልስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እንደሚታሰበው ላይሰፋ ይችላል።

ለማሳከክ ተብሎ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ግን በዴሞዴክስ ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው። ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ሰውነት የሚከላከልበትንም ኃይል አብሮ ያስተኛል። ሳይፈቀቅና ሳይታይ የተሰጠ መርፌ ማለት ይህ ነው።

በሰው በኩል ያለውም ሳይነገር አይታለፍ። የውሻ ሳርኮፕቴስ ውሻውን ባቀፈ ሰው ክንድና ሆድ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን በሰው ቆዳ ላይ አይራባም፤ ውሻው ሲታከም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር በአማራ ክልል የተዛመተው እከክ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ሲሶ ያህሉ ተይዘው የተገኙበት፣ የሰው ዝርያ የሆነ ተባይ ያመጣው ነበር። የተዛመተውም ከሰው ወደ ሰው፣ በውሃ እጦትና በመጨናነቅ ነው። በዚያ ጊዜ በየደጃፉ ያለውን ውሻ መወንጀል ሕፃናቱን አያድንም ነበር።

የዱሩም ወገን አለ። ከአንኮበር በስተ ሰሜን በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ ከገበሬው ውሻ ጋር አንድ መሬት ይጋራል። ለቀይ ቀበሮ የታወቁት ገዳዮች ከውሻ የሚሻገሩት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ናቸው። ሳርኮፕቴስም ለጥቂት እንስሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ ታይቷል፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የገባው እከክ በሁለት ዓመት ውስጥ ከከተማዪቱ ቀበሮዎች ከ95 በመቶ በላይ ጨርሷል። የጓሳን ማኅበረሰብ ስለ ውሻ ክትባት የሚያነጋግር ሁሉ ስለ ቆዳቸውም አብሮ ቢያነጋግር ተጨማሪ መንገድ አያስኬደውም።

በመጨረሻ የጊዜ ጉዳይ ይቀራል። በሳርኮፕቴስ የተያዘ ውሻ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ለጥቂት ቀናት ማሳከኩ ሊብስበት ይችላል፤ ከዚያም በሁለት በሦስት ሳምንት ይተነፍሳል። ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ዕንቁላሉን አይገድልምና፣ የተፈለፈሉት ሳይጎለምሱ ሁለተኛው መርፌ መድረስ አለበት፤ አብረው የሚያድሩት ውሾችም ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማሉ። ለዴሞዴክስ ደግሞ ሕክምናው የሚቆመው ፀጉር ሲበቅል ሳይሆን በወር ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ፍቆዎች ንጹሕ ሲሆኑ ነው። አሥራ አራቱን ቀን በቀን መቁጠሪያ ለማያሰላ ገበሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ውሻው የመጀመሪያውን መርፌ በገበያ ቀን ከተወጋ፣ ሁለተኛው የሚውለው አንድ ገበያ ታልፎ በሚቀጥለው ገበያ ነው።